«ሥጋውን አንሺልኝ» አትበሉኝ

(ባሕር ዳር ላይ ለሰፈር ሴቶችና የውበት ሥራ ለሚማሩ ልጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ስጽፈው እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ።)

እንዴት ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? እሺ።

እስቲ እጃችሁን አውጡና ጀርባውን እዩት። አውራ ጣታችሁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሩት። ከጥፍሩ ሥር፣ ቆዳው ጥፍሩን በሚነካበት ቦታ፣ እንደ ስስ ወረቀት የተለጠፈች ነገር አለች። አያችኋት? እኔ 14 ዓመት እንጀራ የበላሁት እሷን እየቆረጥኩ ነው። ዛሬ የመጣሁት ደግሞ አታስቆርጧት ልላችሁ ነው። ገበያዬን በገዛ እጄ እየዘጋሁ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሳሎን ስትገቡ «ሥጋውን አንሺልኝ» ትላላችሁ። ሥጋ አይደለም። የሞተ ቆዳ ነው፣ ግን ሥራ አለው። ጥፍር የሚበቅለው ከቆዳው ሥር ካለች ኪስ ነው። ያቺ ስስ ቆዳ የኪሱን አፍ ትደፍነዋለች። ውሃው፣ ሳሙናው፣ የሽንኩርቱ ጭማቂ፣ ጀርሙ እንዳይገባ። ስትቆረጥ አፉ ክፍት ይቀራል።

ይህን በመጽሐፍ አልተማርኩትም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ዓሣ የሚሸጡ እናት ለልጃቸው ሠርግ መጡ። በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነው። እጃቸው በቢላና በዓሣ ክንፍ ተወጋግቶ የሻከረ ነው። እኔም «ዛሬ እንደ ሙሽራ አደርግዎታለሁ» አልኩና ጥግ እስክደርስ ቆረጥኩት። አመልካች ጣታቸው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ደም ብቅ አለች። በጥጥ ጠረግኳት። ላይዋን ቀይ ኩቴክስ ቀባሁባት።

በአራተኛው ቀን ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ስፈታው የጥፍሩ ዙሪያ አብጦ ያብለጨልጫል። በአንድ በኩል ቢጫ መግል ቋጥሯል። ኩቴክሱ ግን እንዳለ ነው፣ አልተላጠም። «ሌሊቱን እንደ ከበሮ ሲመታኝ አደረ» አሉኝ። ለካ በሠርጉ ማግስት ወደ ሥራቸው ተመልሰው ቀኑን ሙሉ አምባዛና ቀረሶ ሲያጸዱ ውለዋል። ሐኪም ከፍቶ አፈሰሰው፣ መድኃኒት ወሰዱ፣ ዳኑ። እኔን ደግሞ ያጽናኑኛል! «ልጄ፣ ያንቺ እጅ አይደለም፣ ዓሣው ነው» ይሉኛል። ዓሣው ምን አደረገ? በሩን የከፈትኩት እኔ።

ታዲያ ምን እናድርግ? እጃችሁን ለብ ባለ ውሃ አምስት ደቂቃ ንከሩ። ወይም ገላችሁን ታጥባችሁ ስትወጡ፣ ቆዳው ረጥቦ ሳለ፣ በፎጣ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ግፉት። ጠብታ ዘይት ጨምሩበት። የኑግም፣ የወይራም ይሆናል። ከዳር ተገንጥላ ልብስ የምትይዝ ጫፍ ካለች እሷን ብቻ በንጹሕ መቁረጫ ቁረጡ። በጥርስ አትሳቡ። በጥርስ የሳበ ሰው እስከ ሥጋው ድረስ እየላጠ እንደሚሄድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ጥፍር ራሱን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ውሃ ነው። ጥፍር ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል። ሲደርቅ ይሰበሰባል። በቀን አሥር ጊዜ እንዲህ ሲሆን ጫፉ እንደ ሽንኩርት በየንብርብሩ ይላጣል። የደንገል ታንኳ ሠሪዎችን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከሐይቁ ያወጡትና ያደርቁታል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። የእኛ እጅ ደግሞ ከኦሞ ወደ ሊጥ፣ ከሊጥ ወደ በርበሬ ነው። ልብስ ስታጥቡ ጓንት አድርጉ። ጓንት ከሌለ ከእያንዳንዱ ውሃ በኋላ እጃችሁን አድርቃችሁ ቅባት ቀቡ። ውድ ክሬም አያስፈልግም። ቫዝሊን እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘ ዕቃ ነው፤ እስካሁንም እርጥበትን ቆዳ ውስጥ በማስቀረት የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ብቻ ደረቅ ቆዳ ላይ አትቀቡት። የሚያሽገው ያገኘውን እርጥበት ነው፤ እርጥበት ከሌለ ምን ያሽግ?

ጥፍር ላይ የምትታይ ነጭ ነጥብ ደግሞ «ካልሲየም አንሶሽ ነው» ይባላል። አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፍሩ ሲበቅል የደረሰበት ትንሽ ግጭት ናት። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ስለዚህ መሀል ላይ ያያችኋት ነጥብ የዛሬ ሁለት ሦስት ወር ተመትታችሁ የረሳችሁት ነገር ናት። ጥፍሩ እንደ ማንኪያ ጎድጉዶ ውሃ የሚይዝ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው። የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ተመርመሩ።

አሁን ወደ መሣሪያ ልምጣ። እዚህ ላይ የሥራ ባልደረቦቼ ትቀየሙኛላችሁ፤ ተቀየሙ።

የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ የምንለው፣ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። በዓይን የማትታይ ደም ትበቃዋለች። እኔ ያቺን የመርፌ ጫፍ የምታክል ደም በጥጥ ጠርጌ መቁረጫውን ለቀጣዩዋ ደንበኛ አንስቼ ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡ። አንስቼ እንደሆነም አላስታውስም። ያስፈራኛል።

ብዙ ሳሎን ውስጥ ሰማያዊ መብራት ያለባት ትንሽ ሣጥን አለች። መሣሪያው እዚያ ውስጥ ተደርድሮ ሲታይ ደስ ይላል። ያቺ ሣጥን የጸዳ ዕቃ ማስቀመጫ ናት እንጂ ጀርም ገዳይ ብላችሁ አትተማመኑባት። መብራቱ የሚደርሰው የሚያየውን ገጽ ብቻ ነው፤ የመቁረጫው ማጠፊያ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ በሳሙናና በብሩሽ ማጠብ ነው፤ ቆሻሻ ያለበት ዕቃ ላይ መድኃኒት አይሠራም። ከዚያ የሚሻለው ሆስፒታሎች እንደሚያደርጉት በእንፋሎት ግፊት መቀቀል ነው። እሱ ከሌለ ባለ 5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ በውሃ ዘጠኝ እጅ በጥብጦ ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅና ማድረቅ ነው። ብረቱን ያዝገዋል። ያዝገው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው የራሳችሁን መያዝ ነው። መቁረጫ፣ ሞረድ፣ የእንጨት መግፊያ፤ በትንሽ ቦርሳ። ሞረድና የተረከዝ ድንጋይ በተለይ ጨርሶ አይጸዱም፣ ቀዳዳቸው ብዙ ነው። ይዛችሁ ስትመጡ የምትኮሳተር ባለሙያ ካለች ሳሎን ቀይሩ።

ጄልና አርቲፊሻል ጥፍርን በተመለከተ ብዙ አልልም። ቆንጆ ነው፣ እኔም እሠራለሁ። የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አነሳሱ ነው። በጥርስ፣ በቁልፍ፣ በካርድ ጫፍ ፈልቅቃችሁ ስታነሱት የራሳችሁን ጥፍር ንብርብር ይዞ ይነሳል። በአሴቶን በተነከረ ጥጥ ጠቅልላችሁ ታገሡ። ከጥፍር ውጭ ቆዳችሁን የነካ ጄል ወዲያው ይጠረግ፤ ያልደረቀ ጄል አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ አይለቅም። አንድ ቀን የአንዲት ልጅ አርቲፊሻል ጥፍር ሳነሳ ከሥሩ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። ከፍ ብሎ በተላቀቀ ክፍተት ውሃ ገብቶ ባክቴሪያ በቅሎበታል። እሷ «ይታጠባል?» አለችኝ። አይታጠብም። የባክቴሪያው ቀለም ጥፍሩ ውስጥ ገብቷል፤ ጥፍሩ አድጎ እስኪወጣ ትጠብቃላችሁ። ላዩ ላይ ሌላ መለጠፍ ግን ፈጽሞ።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለኝ፣ ቀልድ የለበትም። ቦብ ማርሌን የማያውቅ የለም፤ በእኛው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ የተጠመቀ ሰው ነው። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1981፣ በ36 ዓመቱ ነው። ካንሰሩ የጀመረው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። የኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ታልፎ ነበር። ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም የሚባለው ውሸት ነው። በእኛ ላይ ሲወጣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር ይበዛል።

አሁን ደግሞ አትደንግጡ። እንደ እኛ ባለ ቆዳ ብዙ ጥፍሮች ላይ ስስ ቡናማ መስመሮች መኖራቸው የተለመደ ነው። አብዛኛው ሰው አለው። የምትጠራጠሩት አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ወይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ ወጥቶ ቆዳው ላይ የፈሰሰ መስመር ነው። እሱን ለቆዳ ሐኪም አሳዩ። ኩቴክስ ደግሞ ይሸፍነዋል። እኔ ደንበኛዬ አሮጌውን ኩቴክስ አስለቅቃ አዲሱን ከመቀባቷ በፊት እጇን ይዤ እቆያለሁ። አንዳንዷ «ምን ታይብኛለሽ፣ ጠንቋይ ነሽ?» ትላለች።

ፊት ላይ እንሂድ።

ጥር የሠርግ ወር ነው። ኅዳር ላይ ሙሽሮች ይመጡና «ቀላ ልበል» ይሉኛል። ስም የሌላት ትንሽ ዕቃ ያሳዩኛል። «ሚክስ ነው፣ ጓደኛዬ ተቀብታ ብታያት!» አይቻታለሁ። በመጀመሪያው ወር እውነትም ታምራለች፤ ብጉሩ ይጠፋል፣ ፊቷ ይጠራል። ችግሩም ይኸው ነው። እንዲህ ካለው ውህድ ብዙው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ አለበት። ሐኪም ለችፌ በልክ የሚያዘው መድኃኒት ነው። ፊት ላይ በየቀኑ ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል። የደም ሥሩ እንደ ክር ይታያል፣ ብጉሩ በእጥፍ ይመለሳል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል። ላቁመው ስትል ፊቷ ይነዳል። ስለዚህ መልሳ ትቀባለች። እንደ ሱስ ማለት ነው። አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ እሱ ኩላሊት ይጎዳል፣ ለጽንስም ይተርፋል። ሃይድሮኪኖን ያለበትን ሳትመረመር ለዓመታት የምትቀባ ደግሞ መጨረሻ ላይ የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት ጉንጯ ላይ ታተርፋለች። ለመቅላት ገብታ!

አሁን እየተቀባችሁ ያላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አሽቀንጥራችሁ አትጣሉት። ዕቃዋን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እሱ ቀስ በቀስ ያወርዳችኋል። አታፍሩ። እኔም በ20 ዓመቴ ለአራት ወር ተቀብቻለሁ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሎሚም እንደዚያው። ለብጉር ሎሚ ተቀብታ ወደ ፀሐይ የወጣች ልጅ ፊቷ ሊቃጠልና ለወራት ሊጠቁርባት ይችላል። የሎሚ ጭማቂና ፀሐይ ሲገናኙ ቆዳን ያቃጥላሉ። የጥርስ ሳሙናም ለጥርስ ነው።

ስለ ፀሐይ ካነሳሁ፣ ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሐይቁ ዳር ነፋስ ስላለ አይሰማንም። ብስክሌት የምትነዱ ልጆች፣ የእጃችሁን ጀርባና ክንዳችሁን ውስጡን አስተያዩ፤ የሁለት ሰው እጅ ይመስላል። ማድያት ያለባት ሴት ይህን ካላቆመች የምትቀባው ሁሉ ከንቱ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ያዙ፣ የዘንባባውን ጥላ ተከትላችሁ ሂዱ፣ ነጠላችሁን ወደ ፊታችሁ ዝቅ አድርጉ። እናቶቻችን ጃንጥላ ይዘው ሲሄዱ እናሾፍ ነበር፤ ልክ የነበሩት እነሱ ናቸው። ሰን ስክሪን መግዛት ከቻላችሁ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ሙሉ፣ ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ። ማድያት ላለባችሁ ቡናማ ቀለም ያለው ይሻላል፤ በዓይን የሚታየውንም ብርሃን ይከላከላል፣ እንደ ኖራ ነጭ አድርጎም አያስቀርም።

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ከለከልሽን» እንዳትሉኝ። እንሶስላ እወዳለሁ። አያቴ ሥሩን ወቅጣ እጃችንን በጨርቅ ጠቅልላ ታስተኛን ነበር። እንደ ቦክሰኛ ሁለት ጉብ ጉብ ይዘን እናድራለን። ሌሊት አፍንጫን የሚያሳክከን ነገር! ጠዋት ሲፈታ መዳፋችን ቀልቶ፣ ትራሱም ቀልቶ። እሱን ቀቡ። የሚያስፈራኝ ጥቁር ሂና ነው። ትክክለኛው ሂና ብርቱካናማ ቡናማ ነው፣ ሰዓታትም ይፈልጋል። በግማሽ ሰዓት ከሰል የሚመስል ጥቁር ከሆነ የፀጉር ቀለም ተቀላቅሎበታል። ውሃ ቋጥሮ የአበባውን ቅርጽ የያዘ ቁስል እጅ ላይ አይቻለሁ። አንዴ ያቃጠለው ሰው ከዚያ በኋላ ፀጉሩን ጥቁር ሲቀባም ሊያቃጥለው ይችላል። ወይባ ጢስ ውስጥም ስትቀመጡ በሩን ገርበብ አድርጉት፤ የተዘጋ ቤት ውስጥ ፍም ይገድላል።

እግር ቀረን። ፔዲኪዩር ሲባል ለክፍት ጫማ ብቻ ይመስለናል። እኛ ጎጃሞች ግን ስለ እግር የተለየ ነገር ማወቅ አለብን። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በአገራችን ሠርቷል። የደጋው ሰው እግር የሚያብጠው፣ ዝሆኔ የምንለው፣ ከቀይ አፈር መሆኑን ያስረዳው እሱ ነው። ደቃቁ አፈር በባዶ እግር ቆዳ ይገባና የፈሳሽ መተላለፊያውን ይዘጋል። እርግማንም፣ የዘር ቁጣም አይደለም። መከላከያውም ጫማና በየቀኑ እግር መታጠብ ነው። ሳፋ፣ ሳሙና፣ ውሃ፣ ከዚያ በጣቶቹ መሀል ደህና አድርጎ ማድረቅ። ለተሰነጠቀ ተረከዝ ማታ ነክራችሁ፣ በድንጋይ ቀስ ብላችሁ ፈግፍጋችሁ፣ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ቀብታችሁ ካልሲ አድርጋችሁ ተኙ። ምላጭ አታስነኩ። ስኳር ያለባችሁማ ድንጋዩንም ተዉት፤ ሳይሰማችሁ ትቆስላላችሁ።

ሐይቁን በተመለከተ አንድ ነገር። ቆዳችሁ ደህና ከሆነ ብዙ ነገር አይገባም ብያችኋለሁ። የቢልሃርዚያ ትል ግን ደህናውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣ ባለበት፣ ሣርና ደንገል በበዛበት ጥልቀት በሌለው ዳር ልጆቻችሁ አይንቦጫረቁ። እዚያ ለሚውል ሰው መድኃኒት አለው፣ ተመርምሮ መውሰድ ነው።

በቃኝ። ጥያቄ ካላችሁ…

(የተጠየቅሁት ግማሹ ስለ ዋጋ ነበር፣ እሱን ዘለልኩት። ሰው ሁሉ ሲወጣ አንዲት ወጣት ቀረች። አሴቶን እንዳለኝ ጠየቀችኝ። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ የግራ አውራ ጣቷን ቀይ ኩቴክስ አለቀቀች። ከሥሩ አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች፣ እንደ ምስር። እጇ ይንቀጠቀጣል። «ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት። አታውቅም፤ ሁልጊዜ ተቀብታ ነው። መስመር አልነበረችም፣ ከነጥቧ እስከ ጥፍሩ ሥር ያለውም ጥርት ያለ ነው። ለካሁት፤ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። «የዛሬ ሁለት ወር ይህን ጣት ምን አገኘው?» ብዬ ጠየቅኳት። አሰበች፣ አሰበች። «የባጃጅ በር!» ብላ ጮኸች። የዚያን ቀን ከሾፌሩ ጋር የተሰዳደበችውን ሁሉ ነገረችኝ። ነጥቧ ያለችበትን በስልኳ ፎቶ አነሳን። የዛሬ ወር ወደ ፊት ካልሄደች ሐኪም ዘንድ አብረን ልንሄድ ተቀጣጠርን። እስከዚያ ያቺን አንዷን ጥፍር ሳትቀባ ትቆያለች፤ «ዘጠኙን ግን እቀባለሁ» ብላለች።)